የተበዳይ መንፈስ፦ ከመቅደስ እስከ ማንጋ

ቶኪዮ መሀል፣ ኦተማቺ በሚባለው የባንኮችና የትልልቅ ኩባንያዎች ሰፈር፣ የመሬት ዋጋ ሰማይ በነካበት ቦታ አንዲት ጠባብ ግቢ አለች። ዙሪያዋን ፎቆች ከበዋታል። እሷ ውስጥ ግን አንድ የድንጋይ ሐውልት ቆሟል እንጂ ሌላ ይህ ነው የሚባል ግንባታ የለም። ከሐውልቱ ፊት አበባ ይቀመጣል፣ ዕጣን ይጨሳል። ወደ ሥራ የሚሄዱ ሰዎች ጎራ ብለው፣ እጃቸውን አጋጥመውና አንገታቸውን ሰበር አድርገው ያልፋሉ። ሐውልቱ የቆመው ከሺህ ሰማንያ ዓመት በፊት አንገቱ ለተቀላ አንድ አመፀኛ ነው። ስሙ ታይራ ኖ ማሳካዶ ይባላል። ጭንቅላቱ እዚያ እንደተቀበረ ይታመናል።

ማሳካዶ ከዚህ ግቢ ውጭም ይኖራል። ሂሮሺ አራማታ በ1980ዎቹ ባሳተሙት «ቴይቶ ሞኖጋታሪ» በተሰኘ ልብወለድ ውስጥ አንድ ክፉ ጠንቋይ ቶኪዮን ለማጥፋት የማሳካዶን መንፈስ ከእንቅልፉ ሊቀሰቅስ ይታገላል። «ሺን ሜጋሚ ቴንሴይ» በሚባለው የቪዲዮ ጌም ውስጥ ደግሞ ያው መንፈስ የከተማዋ ጠባቂ ሆኖ ይቀርባል። አንዱ የጥፋት ኃይል፣ ሌላው አድባር አድርጎ አየው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን መንፈስ የዘመኑ ደራሲዎች ከባዶ አልፈጠሩትም። በሥልጣን ሽኩቻ የተገፉ፣ በሐሰት ተከስሰው የተሰደዱ ወይም ተሸንፈው ያለቁ ሰዎችን ወደ መንፈስነት የመለወጥ ልማድ ጃፓን ውስጥ ከ1,200 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ልጆች ዛሬ አኒሜ በሚባለው የጃፓን የካርቱን ፊልም የሚያዩት በቁጣ የሚነድ የሙት መንፈስ ሥሩ ሲማስ የሚገኘው የቤተ መንግሥት በደል ነው፤ በዳዮቹን ያስጨነቀው ፍርሃትም አብሮ ይወጣል።

መነሻው ልዑል ሳዋራ ነው። ሳዋራ የንጉሠ ነገሥት ካንሙ ታናሽ ወንድምና አልጋ ወራሽ ነበር። በ785 አዲሱን ዋና ከተማ ናጋኦካን ያስገነባ የነበረው ሹም ሲገደል በሤራው አለበት ተብሎ ተያዘ። ልዑሉ እህል አልቀምስም አለ፤ ወደ ግዞት ሲወሰድም መንገድ ላይ ሞተ። ከዚያ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ እናትና ሚስት ተከታትለው ሞቱ፣ አዲሱ አልጋ ወራሽ ታመመ፣ ወረርሽኝና ጎርፍ መጣ። ጠንቋዮች ተጠየቁ፤ «የሳዋራ ቁጣ ነው» አሉ። በ794 ዋና ከተማው ዛሬ ኪዮቶ ወደምትባለው ቦታ ተዛወረ። በ800 ደግሞ ለሟቹ ልዑል የንጉሠ ነገሥትነት ማዕረግ ተሰጠው። በሕይወቱ የተነፈገውን ዙፋን መቃብሩ ውስጥ ሆኖ አገኘው ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ተበቃይ መንፈስ ጃፓኖች «ኦንርዮ» ይሉታል። ሲለመንና ክብሩ ሲመለስለት ግን «ጎርዮ» ይሆናል፤ ይኸም የተከበረ መንፈስ ማለት ነው። በ863 ቤተ መንግሥቱ በኪዮቶው ሺንሰንኤን የአትክልት ስፍራ ለእንዲህ ያሉ ስድስት ሙታን ታላቅ ሥነ ሥርዓት አዘጋጀ። መነኮሳት ጸለዩ፣ ሙዚቃና ጭፈራ ቀረበ፣ ለወትሮው ዝግ የነበረው በርም ለተራው ሕዝብ ተከፈተ። ሙታኑ በጸሎት ብቻ ሳይሆን በትርኢትም ይባበሉ ነበር። ይህን ነጥብ መያዝ ያስፈልጋል፤ የጃፓን የመዝናኛ ጥበብ ከመናፍስቱ ጋር የተወዳጀው ገና ያኔ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የታወቀው ሱጋዋራ ኖ ሚቺዛኔ ነው። በ845 ከምሁራን ቤተሰብ ተወለደ። በቻይንኛ ቅኔና በታሪክ ዕውቀቱ ወደር አልነበረውም። በዚያ ዘመን ከፍተኛው ሹመት በፉጂዋራ ቤተሰብ እጅ ነበር፤ ሚቺዛኔ ግን በዕውቀቱና በንጉሠ ነገሥት ኡዳ እምነት እየተደገፈ በ899 የቀኝ ሚኒስትር ለመሆን በቃ። ከእርሱ በላይ የነበረው የግራ ሚኒስትሩ ፉጂዋራ ኖ ቶኪሂራ ነው። በ901 ሚቺዛኔ በወጣቱ ንጉሠ ነገሥት ዳይጎ ላይ አሢሯል የሚል ክስ ቀረበበት። ክሱ ሐሰት ነበር። ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ዳዛይፉ ወደሚባል ሩቅ ቦታ ተጋዘ፤ ልጆቹም ተበተኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ በችግርና በብስጭት እንደተቆራመደ እዚያው ሞተ።

ከዚያ የሆነውን የዘመኑ ሰዎች እየቆጠሩ መዘገቡት። በ909 ቶኪሂራ ገና በ39 ዓመቱ ሞተ። በ923 አልጋ ወራሹ ሞተ፤ ቤተ መንግሥቱም ደንግጦ የሚቺዛኔን ሹመት መለሰ፣ የስደቱንም ትእዛዝ ሰረዘ። አልበቃም። በ930 ክረምት፣ ሹማምንቱ ስለ ድርቅ ሊመክሩ በተሰበሰቡበት፣ መብረቅ የቤተ መንግሥቱን አዳራሽ መታ፤ መኳንንትም ሞቱ። ይህን በዓይኑ ያየው ዳይጎ ታሞ ዙፋኑን ለቀቀ፣ በዚያው ዓመትም አረፈ። ከዚህ ወዲያ ስለ ገዳዩ ማንነት የተጠራጠረ አልነበረም። ጸጥተኛው ባለቅኔ የመብረቅ ጌታ ሆኗል።

በ947 በኪዮቶ የኪታኖ መቅደስ ለእርሱ ተሠራ። ሚቺዛኔ ቴንጂን፣ ማለትም የሰማይ አምላክ፣ ተብሎ ይመለክ ጀመር። በ993 ደግሞ ከሞተ 90 ዓመት ካለፈው በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ተሾመ። መቶ ዓመታት ሲያልፉ መብረቁ እየተረሳ ሄደ፤ ሊቅነቱ ግን ጎልቶ ወጣ። ከዘመናዊቷ ጃፓን በፊት በነበረው የኤዶ ዘመን ፊደል የሚቆጥሩ ልጆች ቴንጂንን የጽሕፈት አባት አድርገው ይማጸኑት ነበር። ዛሬ በመላው ጃፓን ከ10,000 በላይ መቅደሶች አሉት። የመግቢያ ፈተና ሲቃረብ ተማሪዎች ይጎርፋሉ፤ «ኤማ» በሚባሉት ትንንሽ የእንጨት ሰሌዳዎች ላይ ልመናቸውን ጽፈው ይሰቅላሉ፣ ዕውቀት እንዲጋባባቸውም የነሐሱን በሬ ራስ ያሻሻሉ። በሬው ያለምክንያት አልቆመም። የሚቺዛኔን አስከሬን ይጎትት የነበረው በሬ መንገድ ላይ ተኝቶ አልነሣ አለ፤ ስለዚህ እዚያው ቀበሩት ይባላል። የሚወድደው የፕለም ዛፍም ናፍቆት አላስቀምጥ ብሎት ከኪዮቶ በአንድ ሌሊት በርሮ ዳዛይፉ ገባ የሚል አፈ ታሪክ አለ። ያ ዛፍ ነው የሚባለው እስከ ዛሬ ከዳዛይፉ መቅደስ ፊት ያብባል።

ማሳካዶ ደግሞ የሰይፍ ሰው ነበር። በምሥራቅ ጃፓን በዘመዶቹ መካከል በተነሣ ጠብ ጀምሮ በ939 የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶችን ያዘ፣ «አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ነኝ» ብሎም አወጀ። ስለ አመፁ የተጻፈው «ሾሞንኪ» የሚባለው ጥንታዊ መጽሐፍ አንድ አስገራሚ ነገር ይነግረናል። አንዲት መንፈስ የወረደባት ሴት ለማሳካዶ ዙፋኑ ከሐቺማን አምላክ እንደተሰጠው ስትናገር፣ የሹመቱን ደብዳቤ ያቀረበው የሱጋዋራ ኖ ሚቺዛኔ መንፈስ ነው አለች። በቤተ መንግሥት የተበደለው ሙት በቤተ መንግሥት ላይ የተነሣውን ሕያው ሾመ።

ንግሥናው ወራት እንኳ በቅጡ አልቆየም። በ940 መጀመሪያ ማሳካዶ በጦር ሜዳ ተገደለ፤ ጭንቅላቱም ኪዮቶ ተወስዶ ለሕዝብ ተሰቀለ። አፈ ታሪኩ የሚቀጥለው ከዚህ ነው። ጭንቅላቱ ለወራት ሳይበሰብስ፣ ዓይኑን እንደገለጠ ጥርሱን እያፋጨ «አካሌ የት አለ? እንደገና እንዋጋ!» ይል ነበር። አንድ ሌሊት ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ በረረ፣ ዛሬ ኦተማቺ በሚባለው ቦታም ወደቀ።

አፈ ታሪኩ የሃያኛውን መቶ ዓመት ሹማምንትም አስፈርቷል። በ1923 ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ቶኪዮን ካፈራረሰ በኋላ የገንዘብ ሚኒስቴር መቃብሩን ደልድሎ ጊዜያዊ ሕንፃ ሠራበት። በ1926 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሴይጂ ሐያሚ ሞቱ፤ ሌሎች ሠራተኞችም ሲሞቱና ሲጎዱ «ማሳካዶ ነው» የሚል ወሬ መሥሪያ ቤቱን ሞላው። ሕንፃው ፈረሰ፣ የማስታረቂያ ሥነ ሥርዓትም ተደረገ። በ1940፣ ማሳካዶ በሞተ ልክ በሺህኛው ዓመት፣ በመብረቅ የተነሣ እሳት የሚኒስቴሩን ሕንፃ በላው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ጦር ቦታውን ሊያስተካክል ሲሞክርም ቡልዶዘር ተገልብጦ ሰው ሞተ ይባላል። እነዚህ አጋጣሚዎች በምክንያትና ውጤት ይያያዙ አይያዙ ለሳይንስ ይተው። የማያጠራጥረው ግን ያ ውድ መሬት እስከ ዛሬ ፎቅ ሳይሠራበት መቅረቱ ነው።

ከሚቺዛኔና ከማሳካዶ ቀጥሎ የሚነሣው ንጉሠ ነገሥት ሱቶኩ ነው። በልጅነቱ ነገሠ፣ በ1142 ዙፋኑን እንዲለቅ ተገደደ፣ በ1156 በሆገን ጦርነት በገዛ ወንድሙ ወገን ተሸንፎ ወደ ሺኮኩ ደሴት ተጋዘ። እዚያ የቡድሃ ቅዱሳት መጻሕፍትን በእጁ ገልብጦ ለሰላም ብሎ ወደ ዋና ከተማው ላከ ይባላል። ቤተ መንግሥቱ እርግማን ይኖርበታል ብሎ መለሰበት። ሱቶኩ ምላሱን ነክሶ በደሙ እርግማን ጻፈ፤ ጥፍሩንና ፀጉሩን ሳይቆርጥ ኖሮ «ተንጉ» ወደሚባል ክንፋም ጋኔን ተለወጠ ሲል አፈ ታሪኩ ይቀጥላል። በ1164 በግዞት ሞተ። ሰባት መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1868፣ ወጣቱ ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ አዲስ ዘመን ሊጀምር ሲል መልእክተኛ ልኮ የሱቶኩን መንፈስ በክብር ወደ ኪዮቶ አስመለሰ። የተሠራለት የሺራሚኔ መቅደስ ያረፈው ጥንታዊውን «ኬማሪ» የተባለ የኳስ ጨዋታ በሚያስተምር ቤተሰብ ግቢ ላይ ነበር። ስለዚህ ዛሬ እግር ኳስ ተጫዋቾች ድል ሊለምኑ እዚያ ይሄዳሉ፤ ኳሶችም ለመቅደሱ ይሰጣሉ።

ሚቺዛኔ፣ ማሳካዶና ሱቶኩ በጃፓን «ሦስቱ ታላላቅ ተበቃይ መናፍስት» ይባላሉ። ታሪካቸው ከቤተ መንግሥት መዝገብ ወጥቶ ሕዝብ ልብ ውስጥ የገባው በመድረክ ነው። በአሥራ አራተኛውና በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት የኖረው የኖህ ትያትር ሊቅ ዜአሚ የሙታን መናፍስትን ዋና ገጸ ባሕርይ አደረጋቸው። «አትሱሞሪ» በተሰኘው ሥራው በ1184 በለጋ ዕድሜው የተገደለው፣ ታይራ ከሚባለው የጦረኞች ቤተሰብ የሆነ ልጅ መንፈስ ይመጣል። የሚያገኘው ደግሞ የገደለውን ተዋጊ ነው፤ ገዳዩ በጸጸት መንኩሷል። መንፈሱ በመጨረሻ በቀሉን ይተውና ጸሎት ይለምናል። የሚቺዛኔም ሕይወት በ1746 ለአሻንጉሊት ትያትር ተጽፎ ብዙም ሳይቆይ ካቡኪ በሚባለው ትያትር መድረክ ላይ ወጣ፤ እስከ ዛሬም ይታያል።

የማተሚያ ሥዕል ደግሞ ለመናፍስቱ መልክ ሰጣቸው። በ1840ዎቹ ሠዓሊው ኩኒዮሺ የማሳካዶ ልጅ የምትባለውን ጠንቋይዋን ታኪያሻን ሣለ። እሷ ከጥቅልል ላይ ድግምቷን ስታነብ፣ ከጨለማው ውስጥ አንድ ግዙፍ አጽም መጋረጃውን ገንጥሎ ይወጣል። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የልጆች መጽሔት ጸሐፊዎች «ጋሻዶኩሮ» የሚባል በረሃብና በጦርነት ያለቁ ሰዎች አጥንት የተገጣጠመበት ጭራቅ ሲፈጥሩ፣ ማንጋ የሚባለው የሥዕል ታሪክ ሊቅ ሺገሩ ሚዙኪ መልኩን ከኩኒዮሺ ሥዕል ወሰዱ። ዛሬ በየጌሙ ብቅ የሚለውን ግዙፍ አጽም ብዙ ወጣቶች የጥንት አፈ ታሪክ አድርገው ያስቡታል። የተወለደው ግን የአያቶቻቸው ዘመን መጽሔት ላይ ነው፤ መልኩን ያገኘው ደግሞ ከአንድ አንገቱ የተቀላ አመፀኛ ቤተሰብ ታሪክ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ወደ ዘመኑ ማንጋ መሻገር ቀላል ነው። ከ2018 እስከ 2024 በሳምንታዊው ሾነን ጃምፕ መጽሔት የወጣው የገጌ አኩታሚ «ጁጁትሱ ካይሰን» የተመሠረተው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፤ የሰዎች ጥላቻ፣ ፍርሃትና ጸጸት ሲጠራቀም እርግማን የሚባሉ ጭራቆችን ይወልዳል። በ863 ለሙታኑ የጸለዩት መነኮሳት ይህን ቢሰሙ ምንም አዲስ ነገር አይሆንባቸውም ነበር። በታሪኩ ውስጥ እጅግ ኃያል የሆነው ጎጆ ሳቶሩና ወጣቱ ኦኮትሱ ዩታ ሁለቱም የሱጋዋራ ኖ ሚቺዛኔ ዘሮች ናቸው። ደራሲው ለምን ኃያል እንደሆኑ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገውም። ለጃፓን አንባቢ የሚቺዛኔ ስም ብቻውን በቂ ነው።

የዚሁ ማንጋ ታላቁ ጠላት ሱኩና ይበልጥ ያስተምራል። በ720 የተጠናቀቀው «ኒሖን ሾኪ» የተሰኘው የመንግሥት ዜና መዋዕል በሂዳ ተራሮች ውስጥ አንድ ገላ፣ ሁለት ፊትና አራት እጅ ያለው ሰው እንደነበረ፣ ለንጉሠ ነገሥቱ አልገዛም ብሎ ሕዝብ ሲዘርፍ በጦር አዛዥ እንደተገደለ ይተርካል። በሂዳ ያሉ ሰዎች የሚያወሩት ግን ሌላ ነው። ለእነርሱ ሱኩና ቤተ መቅደስ ያቆመ፣ አገሩን የጠበቀ ጀግና ነው፤ ታካያማ አቅራቢያ በሚገኘው ሴንኮጂ የአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት መነኩሴ ኤንኩ የቀረጸው ምስሉ አለ። የአሸናፊው መጽሐፍ ጭራቅ አለው፣ የተሸናፊው አገር ቅዱስ አለው። ማንጋው የወሰደው የአሸናፊውን ቃል ነው። ለዓለም ወጣት የደረሰውም ያ ብቻ ነው።

መናፍስት ሁሉ ከበደል አልተወለዱም። አቤ ኖ ሴይሜይ (921 – 1005) ለምሳሌ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ኮከብ እያየ፣ የቀን መልካምና ክፉ እየለየ ለቤተ መንግሥቱ ይተነብያል። በአርባ ዓመቱ ገና የሥነ ፈለክ ተማሪ እንደነበረ መዛግብት ያሳያሉ። ከሞተ በኋላ ግን እናቱ ነጭ ቀበሮ ነበረች ተባለ፣ የማይታዩ መናፍስት ያዛል ተባለ። ባኩ ዩሜማኩራ በ1986 «ኦንምዮጂ» የሚለውን ተከታታይ ድርሰት ሲጀምሩ ይህን አዛውንት ቢሮክራት መልከ መልካም ወጣት አድርገው አመጡት። በ2001 ፊልም ሆነ። የበረዶ ሸርተቴ ስፖርተኛው ዩዙሩ ሃንዩም በፊልሙ ሙዚቃ፣ «ሴይሜይ» በተባለው ትርኢቱ በ2018 በፒዮንግቻንግ የኦሎምፒክ ወርቅ አገኘ።

ኦዳ ኖቡናጋ ደግሞ ጋኔንነቱን ራሱ ጀምሮታል። በ1571 በሂዬ ተራራ ያለውን ኃያል ገዳም ያቃጠለው ይህ የጦር አበጋዝ፣ ለባላጋራው ታኬዳ ሺንገን በላከው ደብዳቤ ላይ «የስድስተኛው ሰማይ ጋኔን ንጉሥ» ብሎ እንደፈረመ ፖርቱጋላዊው ሚስዮናዊ ሉዊስ ፍሮይስ በ1573 ጽፈዋል። ስላቅና ዛቻ የተቀላቀለበት ፊርማ ነበር። በ1582 በሆንኖጂ ቤተ መቅደስ የገዛ ሹሙ ሲከዳው፣ እሳቱ ውስጥ ቀረ፤ አስከሬኑም አልተገኘም። አስከሬን የሌለው ሞት ለአፈ ታሪክ ለም መሬት ነው። በ1983 የወጣው «ኖቡናጋ ኖ ያቦ» የተሰኘ ጌም አገር የሚያስተዳድር ስልተኛ አድርጎ አቀረበው። በ2001 የወጣው «ኦኒሙሻ» የተሰኘ ጌም ግን ሙቱን አስነሥቶ የአጋንንት ሠራዊት መሪ አደረገው። ፊርማው ቃል በቃል ተወሰደ።

የኖቡናጋ ቤት ለአፍሪካውያን አንባቢዎች የተለየ ትርጉም ያለው ሰውም ነበረበት። ያሱኬ የሚባለው አፍሪካዊ በ1579 ከኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ጋር ጃፓን ገባ፤ በ1581 ኖቡናጋ አይቶት ቀለሙ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ አሳጠበው፤ ከዚያ ወዶ ከራሱ ዘንድ አኖረው፣ ቤትና ሰይፍም ሰጠው። ከሆንኖጂው ቀን በኋላ ስሙ ከመዛግብት ይጠፋል። በ2021 ኔትፍሊክስ ያሱኬን በአስማተኞችና በሮቦቶች መካከል የሚዋጋ የአኒሜ ጀግና አደረገው፤ በ2025 ደግሞ «አሳሲንስ ክሪድ ሻዶውስ» የተሰኘ ጌም ከሁለቱ ዋና ገጸ ባሕርያት አንዱ አደረገው። ጥቂት መስመር ብቻ የተጻፈለት ሰው ሲሆን፣ ፈጠራው የሞላው ትልቁን ክፍተት ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ቦታ የሰበሰበው «ፌት» የሚባለው ሥራ ነው። በ2004 በኮምፒውተር ጌምነት ተጀመረ፣ በ2015 «ፌት ግራንድ ኦርደር» ሆኖ በየስልኩ ገባ። በታሪኩ ውስጥ አስማተኞች «ኤይሬይ»፣ ማለትም የጀግኖች መንፈስ፣ ይጠራሉ። የአንድ መንፈስ ኃይል ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ስሙ በቦታው ምን ያህል የታወቀ መሆኑ ነው፤ የሚታወስ ይበረታል፣ የተረሳ ይደክማል። በታዋቂው ሰይፈኛ በሳሳኪ ኮጂሮ ስም የሚመጣው መንፈስ ደግሞ እርሱ ራሱ አይደለም፤ አፈ ታሪኩን እንዲለብስ የተጠራ ስም የለሽ ሰው ነው። የጨዋታ ሕግ ይመስላል እንጂ ከሳዋራና ከሚቺዛኔ ጀምሮ የሆነው ይኸው ነው። ኖቡናጋ በዚህ ጌም ውስጥ በሴት መልክ መቅረቡ ብዙ ተጫዋቾችን አላስቸገረም፤ የሚያውቁት ስሙን፣ ጠመንጃዎቹንና እሳቱን ነው።

አፈ ታሪክ እንዲህ ታሪክን ሲተካ ጉዳቱ ግልጽ ነው። ማሳካዶ የተነሣበት የመሬትና የግብር ችግር፣ ሱኩና የተገደለበት የአገር ማስገበር ዘመቻ፣ ሚቺዛኔን ያሰደደው የአንድ ቤተሰብ የሥልጣን ጥማት በጭራቁ መልክ ተሸፍኖ ይቀራል። ይሁን እንጂ ወደ እውነተኛው ታሪክ መልሶ የሚወስድ መንገድም አለ። በ2015 የወጣው «ቶከን ራንቡ» የተሰኘ ጌም ታዋቂ ሰዎች የታጠቋቸውን ሰይፎች መልከ መልካም ወጣቶች አድርጎ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ሰይፍ የሚያሳዩ ሙዚየሞች ወጣት ሴቶች በሰልፍ ሲጎርፉባቸው አይተዋል። በጌም የጀመሩት በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያለውን እውነተኛ ብረት ያያሉ፣ የሠሪውን ስም ያነባሉ፣ ማን እንደታጠቀውም ይጠይቃሉ።

ማሳካዶ የሚመለክበት የካንዳ ምዮጂን መቅደስ ደግሞ የሚገኘው ከአኪሃባራ አጠገብ ነው፤ የኤሌክትሮኒክስ፣ የማንጋና የአኒሜ ሱቆች ከሞሉበት ሰፈር። በ1874፣ ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ሊጎበኘው ሲል፣ «የዙፋን ጠላት እዚህ ሊመለክ አይገባም» ተብሎ ማሳካዶ ከዋናው መቅደስ ወጣ። የተመለሰው በ1984 ነው። አሁን መቅደሱ ኮምፒውተርን ከብልሽት ይጠብቃል የሚባል ክታብ ይሸጣል። ከተሰቀሉት ኤማዎች መካከል ወጣቶች በቀለም እስክሪብቶ በጥንቃቄ የሣሏቸው የአኒሜ ገጸ ባሕርያት ይታያሉ፤ ከሥራቸው የፈተና፣ የሥራና የፍቅር ልመና ተጽፏል። በየሁለት ዓመቱ በግንቦት የካንዳ በዓል ሲደርስ ታቦት መሰል ማደሪያዎች በትከሻ ይወጣሉ፤ ሰልፉ በነጋዴዎቹ ሰፈሮች ዞሮ ኦተማቺ ይገባል። በፎቆቹ መካከል ካለችው ጠባብ ግቢ ሲደርስም ይቆማል፤ ካህናቱም ጭንቅላቱ አረፈበት በሚባለው ድንጋይ ፊት ጸሎት ያደርሳሉ።